ካርቶን አንባቢዋ ሐጀራ

በሶማሌ ተራ ማለዳ ላይ ዘይት የጠጣ ካርቶን በብብቱ ሸጉጦ፣ በተሸካሚና በጋሪ መሀል የሚሹለከለክ ሰው ካያችሁ፣ ወዴት ነህ ብላችሁ አትጠይቁት። ወደ ሐጀራ ነው። አንዳንዱ ካርቶኑን እንደ ጋዜጣ አጥፎ ይይዘዋል። አንዳንዱ ደግሞ እንደ ራጅ ፊልም በሁለት እጁ ዘርግቶ፣ ሰው እንዳይነካበት እየተጠነቀቀ ይሄዳል። ቢጠነቀቅ አይፈረድበትም፤ የደከመ ሞተር ሌሊቱን ሙሉ የተናዘዘበት ወረቀት ነው።

ሐጀራ የሞተር ዘይት ትሸጣለች። ሱቋ ከደጃፍ እስከ ግድግዳ አራት እርምጃ ቢሞላ ነው፤ ሁለት ሰው ጎን ለጎን ከቆመባት የአንዱ ትከሻ ውጭ ይቀራል። በዚያች ቤት ቢጫው፣ ቀዩ፣ ሰማያዊው ጋሎን ከወለል እስከ ጣሪያ እንደ ሰርግ አጃቢ ትከሻ ለትከሻ ተጋጥሞ ቆሟል። እሷ ከመሀሉ፣ ጥቁር ሻርፗን ጠበቅ አድርጋ አስራ፣ በዝቅተኛ በርጩማ ላይ ትቀመጣለች። ጠዋት ፀሐይ በበሩ ሾልካ ገብታ የተከፈተ ዘይት ላይ ስታርፍ፣ ቤቱ የዘይት መሆኑ ቀርቶ የማር ቤት ይመስላል። መርካቶ ወርቅ የሚሸጥበት ተራ አላት፤ ለሐጀራ ግን ገና ሞተር ያልገባ ንጹሕ ዘይት በብርሃን መሀል ሲወርድ የሚተካከለው ወርቅ የለም።

አዲስ መኪና የያዘ ሰው ቁጥሩን ሲነግራት አንስታ ትሰጠዋለች፤ ፋብሪካው ከጻፈው ጋር አትከራከርም። አሮጌ መኪና ሲሆን ግን ወግ አላት። ዘይት ከመሸጧ በፊት ካርቶን ትሰጣለች።

"ማታ ሞተሩ ሥር አንጥፈው። ጠዋት ይዘኸው ና።"

"እትዬ፣ እኔ እኮ የፈለግሁት ዘይት ነው!"

"እኔም የምፈልገው ዘይቱ እንዲሠራልህ ነው። ካርቶንህን ያዝ።"

በማግስቱ ካርቶኑ ይመጣል። ሐጀራ ጭኗ ላይ ትዘረጋውና ታጠናዋለች። ጠብታው የት ላይ ወደቀ? ስንት ነው? ጠርዙ ተሰራጭቷል ወይስ እንደ ቁልፍ ክብ ሆኖ ቀርቷል? በአውራ ጣቷና በሌባ ጣቷ መሀል ታሸዋለች፤ ታሸተዋለች። ከዚያ በኋላ ነው እጇ ወደ መደርደሪያው የሚሄደው፤ አንዴ ከሄደ ደግሞ አያመነታም።

ይህን ያወረሷት አጎቷ ጀማለዲን ናቸው። በአሥራ አራት ዓመቷ ከስልጤ ስትመጣ አጎቷ ከበርሜል በሊትር እየቀዱ ዘይት ይሸጡ ነበር። ዓይናቸው እየደከመ ሄደና ጠብታውን እሷ እያየች እንድትነግራቸው አደረጉ። "ጥቁር ነው" ስትላቸው "ጥቁርማ ሌሊቱም ጥቁር ነው፤ እንደ ምን ጥቁር?" ይሏታል። "እንደ ጥላሸት፣ አጎቴ።" "ተባረኪ! አሁን አየሁት።" እንዲህ እየነገረች አደገች። ሴት ልጅና የሞተር ዘይት ምን አገናኛቸው ያሏት ነጋዴዎች ዛሬ ጠዋት ጠዋት ከበሯ ላይ ካርቶን ይዘው ይሰለፋሉ።

ባለፈው እንቁጣጣሽ ማግስት ወደ ሱቋ የመጡት ጋሽ ወልደ ሚካኤል ግን ካርቶን አልነበራቸውም። ከተክለ ሃይማኖት በእግራቸው መጥተው፣ በፌስታል የተጠቀለለ ጋሎን እንደ ሕፃን ታቅፈው ቆሙ። ልብስ ሰፊ ናቸው፤ ሰባ አራት ዓመታቸው ነው። አንድ ውሃ ሰማያዊ ቮልስ አላቸው። ሙሽራቸውን ያመጡባት፣ አራት ልጅ ከሐኪም ቤት ወደ ቤት ያስገቡባት መኪና ናት።

"ሐጀራ፣ ይሄን ብቻ እይልኝ። ደህና ነው በይኝና ልሂድ።"

ፌስታሉን ገለጥ አደረገችው። ፉል ሲንቴቲክ፣ ቁጥሩ አምስት ሠላሳ የሆነ ቀጭን ዘይት። በተራው ካለው ዘይት ሁሉ ውዱ።

"ማን ገዛልዎ፣ ጋሼ?"

"ማሙሸት።" ማሙሸት የመጨረሻ ልጃቸው ነው። "ባለፈው ዓመት የሆንነውን ሰምተሻል መቼም። ለመስቀል አገር ስንገባ ቱሉ ቦሎ ላይ ሞቃ ቆመች። እምድብር የገባነው በሰው መኪና፣ ሰው ከተኛ በኋላ ነው። የቤቱ ታላቅ እኔ ነኝ። እኔ ደጃፉ ላይ ቆሜ ሳልመርቅ የጎመን ክትፎው አይነካም። ሕፃናቱ እንቅልፍ እስኪጥላቸው ጠበቁኝ፣ ሐጀራ። የእኔ ስም እየተጠራ ክትፎው ቀዘቀዘ።"

"ዘንድሮስ?"

"ዘንድሮ ልጄ ቆረጠ። 'አባባ፣ ከሁሉ ምርጡን ዘይት ገዝቻለሁ። ካደረሰችን ትቀመጥ። መንገድ ላይ ከቆመች ግን በኪሎ እንሸጣታለን' አለኝ።" ድምፃቸው ቀጠነ። "በኪሎ! እንደ ቁርጥራጭ ብረት።"

ሐጀራ ጋሎኑን መልሳ በፌስታሉ ጠቀለለችውና ከበርጩማዋ ሥር አንድ ካርቶን ሳበች።

"ዛሬ ማታ ሥሯ ያንጥፉላት።"

"ቀን የለንም እኮ ልጄ!"

"አንድ ሌሊት አለን፣ ጋሼ።"

በማግስቱ ማለዳ ሽማግሌው ካርቶኑን ይዘው መጡ። ሐጀራ ጭኗ ላይ ዘረጋችው። አገላበጠችው። ወደ ብርሃን አዞረችው። አንዲት ጠብታ የለም፤ ከሱቅ እንደወጣ ነጭ ሸሚዝ ጸድቷል። ከፊት ለፊት ፊልትሮ የሚሸጠው ዛኪር አንገቱን አስግጎ አየና ሳቁን አፈነ።

"ጋሼ፣ ከሁለት አንዱ ነው። ወይ መኪናዎ ውስጥ ዘይት የለም፤ ወይ ይሄ የእርስዎ መኪና ካርቶን አይደለም። ሃምሳ ዓመት የሠራ ቮልስ ዘይት እያለው ደርቆ አያድርም።"

ሽማግሌው ኮፍያቸውን አወለቁ፤ መልሰው አደረጉ።

"ከማሙሸት መኪና ሥር ነው ያነጠፍኩት።"

"ማሙሸት ምን መኪና ነው የሚነዳው?"

"ያቺን... በሶኬት የምትሞላዋን።"

ዛኪር ከዚያ በላይ አልቻለም። የፊልትሮውን ካርቶን ጥሎ ጉልበቱን ይዞ ሳቀ። "ሐጀራ! እስቲ ለኤሌክትሪኩ ስንት ቁጥር ዘይት ታዢለታለሽ? እኔም ፊልትሮ ልፈልግለት!"

"አንተ ሰውዬ፣ ሥራህን ሥራ!" አለችው፤ እሷም ግን ከንፈሯን ነክሳ ነው። ወደ ሽማግሌው ዞረች። "ለምን፣ ጋሼ?"

"ፈራኋ። እውነተኛውን ካየሽው አበቃላት ትይኛለሽ ብዬ።"

"እርስዎ ጋ ሱሪ ሊያሰፋ የመጣ ሰው፣ ሲለካ ሆዱን ሳብ ቢያደርግብዎ ሱሪው ለማን ይሆናል?"

ጋሽ ወልደ ሚካኤል አሰቡት። ሃምሳ ዓመት ሜትር አንገታቸው ላይ አንጠልጥለው ስንት ሆድ ሲሳብ አይተዋል።

"ለማንም አይሆንም" አሉ።

"በሉ እንግዲህ መኪናዋ ሆዷን ለቀቅ አድርጋ ያደረችበትን ካርቶን ያምጡልኝ።"

በሦስተኛው ቀን የመጣው ካርቶን እውነተኛው ነበር። ሽማግሌው በጨርቅ ማስመሪያ ጠመኔያቸው የመኪናዋን ፊትና ኋላ ለይተው ጽፈውበታል። አሥራ አንድ ጠብታ። ሐጀራ ጎንበስ ብላ አነበበችው።

"ይሄ መሀል ላይ የወደቀው ትልቁ ከታች ካለው ክዳን ነው፤ ማሸጊያ ጋስኬቱ አልቋል፤ ይቀየራል። እነዚህ ግራና ቀኝ የተሰለፉት ትንንሾቹ የእርጅና ላብ ናቸው፤ አይገድሏትም።" ከትልቁ በጣቷ ነካችና አሸችው። ጣቶቿን ስታላቅቅ ዘይቱ እንደ ክር ተመዘዘ። ስታሸተው ፊቷ ተለወጠ። "ሞተር ውስጥ ወፍራሙን የካምቢዮ ዘይት ማን ቀላቀለበት?"

"አምና አንድ መካኒክ... 'ድምፅዋን ላጥፋልዎ' ብሎኝ ነበር። እውነትም ጠፋ።"

"ጠፍቶማ ቱሉ ቦሎ ላይ ጭራሽ ዝም አለች! ወፍራም ዘይት ለጆሮ ደስ ይላል፣ ጋሼ፤ ድምፅ ይሸፍናል፣ ጭስ ይሸፍናል፣ አሮጌ መኪና ለማያውቅ ሰው ያሻሽጣል። ግን ጠዋት በብርድ አይፈስም። የእርስዎ መኪና ደግሞ ውሃ የላትም፤ በነፋስና በዘይት ነው የምትቀዘቅዘው። ዘይቱ ካልሮጠ ማን ያቀዝቅዛት?"

"የልጄስ?"

"የልጅዎ ዘይት ንጉሥ ነው። ቤቱ ግን እዚህ አይደለም። በአዲስ ሞተር ውስጥ ብረትና ብረት ተጠጋግተው ነው የሚኖሩት፤ ቀጭን ዘይት ይበቃቸዋል። እዚህ ግን ሃምሳ ዓመት ሲተሻሹ ኖረው ተራርቀዋል፤ ቀጭኑ በመሀላቸው ሳይቆም ያልፋል፤ የቀረውንም በየስንጥቁ መንገድ ላይ ትዘራዋለች።" እጇ ወደ መደርደሪያው ሄደ፤ አላመነታም። "ሃያ ሃምሳ። ሲንቴቲክ ያልሆነው፣ ተራው። የፊተኛው ቁጥር ለጠዋቱ ብርድ ነው፤ የኋለኛው ለቀኑ ሙቀት። ሁለት ሊትር ተኩል ትጠጣለች፤ ከዚያ አንዲት ጠብታ እንዳይጨምሩ። የድሮው ሞተሩ ሞቆ ሳለ ይውረድ፤ ከታች ያለው ወንፊት በቤንዚን ይታጠብ።"

ይህን እየተናገረች ሳለ ነው ማሙሸት የደረሰው። ሸሚዙ የተተኮሰ፣ ሠላሳ ያልሞላው ልጅ ነው። ጋሎኑ በፌስታሉ እንደተጠቀለለ አየው።

"እትዬ ሐጀራ፣ ቅር ብሎኛል። ከሁሉ ውዱን ነው የገዛሁት። እርስዎ የሚሰጡት ደግሞ ግማሹን ዋጋ አያወጣም።"

"ውድነቱ እውነት ነው። እህትህ ሙሉብርሃን ቪትዝ የላትም? ስጣት፤ ስትመርቅህ ትኖራለች።"

"አባቴ መንገድ ላይ ቢቆሙስ?"

"አይቆሙም።"

"አምናም አይቆሙም ተብሎ ነበር።"

"አምና እኔ አላልኩም።"

ዛኪር ከማዶ እጁን አጨበጨበ። "ወንድሜ፣ ያንተ መኪና መብራት ኃይል ነው የሚያጠባት፤ ስለ ዘይት ምን አገባህ?"

ማሙሸት ፈገግ አላለም። "ከቆመች ትሸጣለች፤ ቃል ቃል ነው።"

ሐጀራ ተነሣች። ቁመቷ አጭር ነው፤ ግን በዚያች ሱቅ ውስጥ ስትነሣ ጋሎኖቹ ሁሉ አብረዋት የቆሙ ይመስላሉ። "ስማኝ፣ የኔ ልጅ። ዘይቷ ጎድሏት ወይ አቃጥላው ከቆመች እኔም ከዚያ ቀን ጀምሮ ካርቶን ማንበቤን እተዋለሁ። ተራው ሁሉ ይስማ። የዘይት መብራቱ ብልጭ ካለ ግን፣ ምንም ከማድረጋችሁ በፊት ለእኔ ትደውላላችሁ።"

ተራውም ሰማ። መርካቶ ውስጥ እንዲህ ያለ ቃል ካንዱ በር ወደ ሌላው ለመድረስ እግር አያስፈልገውም። ከሰዓት በኋላ አብነት ሰፈር የሚቆሙ የታክሲ ሾፌሮች ሳይቀሩ "ሐጀራ በቮልስ ተወራረደች" ይባባሉ ነበር።

ቮልሷ ታጠበች፤ ጋስኬቷ ተቀየረ፤ ሃያ ሃምሳው ገባ። ሐጀራ በዓይኗ ካላየሁ ብላ ተክለ ሃይማኖት ድረስ ሄደች። ዘይቱ ሲንቆረቆር ሽማግሌው ለራሳቸው ያዜሙ ነበር፤ ስፌት ላይ ሲሆኑ የለመዱት ነገር ነው።

"አገሬ ሩቅ ነው ካይኔ ተሰውሮ፣
ሰው ነበር ናፋቂ፣ ብረትም ዘንድሮ።"

ሐጀራ ግጥም ሰምታ ሳትመልስ አታልፍም። ባዶውን ጋሎን ማንም መልሶ እንዳይሞላበት በምስማር እየበሳች መለሰችላቸው፦

"ቀጭኑም አይሆነው፣ ወፍራሙም አይበጀው፤
ያረጀን የሚያኖር፣ ልኩን ያወቀ ነው።"

"እሰይ!" አሉ ሽማግሌው። "አንቺ እኮ ዘይት መሸጥሽ ያሳዝናል።"

"ባልሸጥስ ማን ያደርስዎት ነበር?"

ለመስቀል መርካቶ ግማሽ ልቧ ጉራጌ አገር ነው። በሩ የተዘጋ ሱቅ ይበዛል፤ የቀረው ነጋዴም ስልኩን እያየ ይውላል። ሽማግሌው በተነሡበት ቀን ሐጀራ እንደ ወትሮዋ ከፍታ ተቀምጣለች። ሰው ሲጠይቃት "ምን ይሆናሉ? ይገባሉ" ትላለች። በልቧ ግን ከመኪናዋ ጋር ትጓዛለች፤ አሁን ሰበታን አለፉ፤ አሁን ቱሉ ቦሎ ደረሱ። ቱሉ ቦሎን ማለፋቸውን ማሙሸት በአጭር መልእክት ሲነግራት፣ ዛኪር ሰምቶ ፊልትሮ እንደ ከበሮ መታ።

ስምንት ሰዓት ሲል ስልኳ ጮኸ።

"እትዬ! መብራቱ በራ!"

ዛኪር የያዘውን ፊልትሮ አስቀመጠ። ሐጀራ ስልኩን ወደ ጆሮዋ ጠጋ አደረገች፤ የሌላኛው እጇ ጣቶች ዘይት እንደሚያሹ ሆነው ይንቀሳቀሳሉ።

"የት ናችሁ?"

"ወልቂጤ። መኪናው ተጨናንቆ እግር በእግር ነው የምንሄደው። አውቶቡሱ፣ ከብቱ፣ ሰዉ... አባባ አላቆምም ብለዋል። እኔ ግን ነግሬ ነበር..."

"የነገርከውን ተወውና የምጠይቅህን መልስ። መብራቱ ዝም ብሎ ነው የሚበራው ወይስ ብልጭ ብልጭ ነው?"

"ብልጭ ብልጭ። ስንቆም።"

"ቤንዚን ሲሰጧት?"

"ይጠፋል።"

"ወደ ዳር አውጧትና አጥፏት። ጥላ ፈልጉ። አሥር ደቂቃ ቆይተህ የዘይት መለኪያውን አውጣ፣ ጥረገው፣ መልሰህ ክተት፣ እንደገና አውጣ። ከዚያ ንገረኝ።"

አሥር ደቂቃ! በአሥሩ ደቂቃ ውስጥ አንድ ደንበኛ መጥቶ የፍሬን ዘይት ጠየቃት፤ ሰጠችው፤ ምን እንደሰጠችው ግን ሁለት ጊዜ አየችው። ዛኪር ሊቀልድ አፉን ከፈተና ፊቷን አይቶ ዘጋው።

"እትዬ፣ ከላይኛው ምልክት ትንሽ ዝቅ ይላል።"

ትንፋሿ ወጣ። "እንግዲያው ዘይቷ አለ። አልጠጣችውም፣ አልዘራችውም። ከመጠን በላይ ሞቃ ነው። ለምን ሞቀች? ስንት ሆናችሁ ተጫናችሁ?"

"አራት ነን። ከፊት ቅቤና ልብስ አለ..."

"ያ አያሞቃትም። ዙርና ከኋላ ቁም፤ ሞተሯ ያለው እዚያ ነው። ከኋላው መስታወት ሥር ሽንቁር ሽንቁር ያለው መተንፈሻ አለ። ይታይሃል?"

የእግሩ ኮቴ መኪናዋን ሲዞር በስልኩ ተሰማት።

"ማሙሸት?"

"አይታይም።"

"ምን ሸፈነው?"

"...ፍራሽ።"

"ምን?"

"ፍራሽ ነው፣ እትዬ። ለአክስቴ የገዛነው። ጣሪያው ላይ አስረነው ወደ ኋላ ወርዷል።"

ሐጀራ ግንባሯን ያዘች። ዛኪር ከማዶ "ምንድነው? ምንድነው?" ይላል። "መኪናዋን በፍራሽ አፍነው ዘይቴን ያማሉ!" ብላ ጮኸችለት። ከስልኩ ውስጥ የጋሽ ወልደ ሚካኤል ድምፅ ተሰማ፤ "ነግሬህ ነበር! ወደ ፊት ሳበው አላልኩህም? ያንተ መኪና አትተነፍስም ማለት የእኔዋም አትተነፍስም ማለት ነው?"

"ፍራሹን ወደ ፊት ሳቡና አጥብቃችሁ እሰሩት" አለች ሐጀራ፤ ድምፅዋ ወደ ቦታው ተመልሷል። "ግማሽ ሰዓት ትረፍ። ከመነሣታችሁ በፊት መንገዱ እስኪለቅ ጠብቁ፤ እግር በእግር አትንዱ። ነፋስ ካገኘች መብራቱ አይመለስም።"

"እርግጠኛ ነዎት?" አላት ማሙሸት። ድምፁ ያን ዕለት ሱቋ ውስጥ የተከራከራት ሰው ድምፅ አልነበረም።

"እርግጠኛ ነኝ።"

ከዚያ በኋላ ስልኩ ዝም አለ። ዘጠኝ ሰዓት አለፈ፤ አሥርም ተጋመሰ። የከሰዓቱ ፀሐይ ከጋሎን ወደ ጋሎን እየተሻገረች ሄደች። ሐጀራ አልደወለችም። በሽተኛ ያከመ ሰው በየደቂቃው ልቡን ልስማ አይልም አለች ለራሷ፤ ቢሆንም ስልኩን ከጭኗ አላወረደችውም።

አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ጮኸ። ስታነሣው መጀመሪያ የሰማችው ሰው አልነበረም። ያቺ እንደ ልብስ ስፌት መኪና ጠቅ ጠቅ የምትል የቮልስ ድምፅ ነበረች፤ ሳትንተፋተፍ፣ ሳትንኮሻኮሽ። ከዚያ እልልታ።

"ገባን! ሐጀራ፣ ገባን!" ጋሽ ወልደ ሚካኤል ይጮሃሉ። "ጀፎረው ላይ ነኝ፣ የመንደራችን ሰፊው መንገድ ላይ! ሣሩ ላይ ልጆቹ ከኋላ ከኋላ ይሮጣሉ! ፀሐይ እንኳ አልገባችም!"

"መብራቱስ?"

"የምን መብራት? ዓይኗን ጨፍና መጣች እንጂ!"

"አልሐምዱሊላህ። ጋሼ፣ ጠዋት ሳያስነሷት በፊት ዘይቷን ይለኩና..."

"ተይኝ እንግዲህ ዛሬ እንኳ! ደጅ ላይ ቆመው እየጠበቁኝ ነው!"

ስልኩን ኪሳቸው ከተቱት መሰለኝ፤ አልዘጉትም። ሐጀራ ልትዘጋው ስትል የጨርቅ መፋተግ ሰማች፤ ቀጥሎ የእግር ኮቴ፣ ቀጥሎ የብዙ ሰው ዝምታ። ዛኪር ተሻግሮ መጥቶ ከበሩ ላይ ቆመ። ዘይት ሊገዛ የመጣ አንድ የሚኒባስ ሾፌርም ገንዘቡን እንደያዘ ቆሟል። እሷ ጣቷን አፏ ላይ አደረገች።

ከሩቅ፣ ከኪስ ጨለማ ውስጥ፣ የሽማግሌው ድምፅ በአገራቸው ቋንቋ ሲመርቅ ተሰማ። ቋንቋው ከእሷ ስልጢኛ ጋር እዚህ ይገናኛል፣ እዚያ ይለያያል፤ ዘርን፣ ከብትን፣ ዝናብን፣ በሰላም መግባትን ግን ለየችው። ድምፁ ቸኩሎ አልነበረም። ፀሐይ ሳትጠልቅ የደረሰ፣ ክትፎው ገና ትኩስ የሆነለት ሰው ድምፅ ነበር። ምርቃቱ ባረፈ ቁጥር ሕዝቡ በአንድ ድምፅ "አሜን" ይላል።

ሦስተኛው ላይ ሐጀራም በሱቋ ውስጥ፣ መዳፎቿን ወደ ላይ ዘርግታ፣ "አሚን" አለች። ሾፌሩ ምኑንም ሳያውቅ ኮፍያውን አወለቀ።